የጋሽ አበራ እጅ

ጋሽ አበራ ይመር ማረፋቸውን የሰማሁት ባለፈው ጥር፣ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ መጥተው በሩ ላይ ቆሙና ኮፍያቸውን አወለቁ። ኮፍያቸውን አውልቀው አይቻቸው አላውቅም ነበርና ገና ምንም ሳይሉ ሰው መሞቱ ገባኝ።

«ማን ነው?» አልኳቸው፣ እያወቅሁት።

«ፊዚክሱ» አሉኝ።

ከተማችን መካነ ሰላም ውስጥ የፊዚክስ መምህሩን ጋሽ አበራን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ጥቂት ነው። ሱቅ ሲገቡም፣ ገበያ ሲወጡም፣ ለቅሶ ሲደርሱም «ፊዚክሱ መጡ» ነው የሚባለው። ደሴ ሆስፒታል ከተኙ ሰንብተው ነበር። ስኳሩ ኩላሊታቸውን እንደጎዳው ስለሰማን ሁላችንም ፈርተናል፤ የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ ደረሰ።

ተማሪዎቼን አስወጥቼ ብቻዬን ቀረሁ። የዚያ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ጥግ ላይ በነጭ ቀለም የተሳሉ ሁለት ክቦች አሉ። አንዱ ውስጥ የመደመር፣ ሌላው ውስጥ የመቀነስ ምልክት አለ። ርእሰ መምህሩ በየዓመቱ ያስጠፏቸዋል፤ ጋሽ አበራ ጡረታ ከወጡ በኋላም ሳይቀር እየመጡ መልሰው ይስሏቸዋል። እኔ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ሰሌዳው ላይ ግጥም ስጽፍ ቦታ ይሻሙኛል ብዬ ስንት ጊዜ ተነጫንጬባቸዋለሁ። ያን ቀን ግን ክቦቹን ሳይ ቆሜ አለቀስኩ።

ከደሴ ተመድቤ ስመጣ እሳቸው እዚያው ትምህርት ቤት ሸምግለው ነበር። የመጀመሪያው ቀን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ፣ እንኳን ደህና መጣሽ ከማለታቸው በፊት የሹራቤን እጅጌ በሁለት ጣት ያዝ አደረጉና «ሱፍ ነው ናይለን?» ብለው ጠየቁኝ።

«እኔ እንጃ። ከሱቅ ነው የገዛሁት።»

የእስክሪብቷቸውን ጀርባ እጅጌዬ ላይ ፈተግ ፈተግ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ወደነበሩ የወረቀት ቁርጥራጮች አስጠጉት። ቁርጥራጮቹ ዘለው ተለጠፉበት። «ይሠራል» አሉና ደስ ብሏቸው ወጡ። ስማቸውን እንኳ አልነገሩኝም። ማታ ለእናቴ ስደውል፣ እዚህ ያሉት ሰዎች ደጎች ናቸው፣ አንዱ ብቻ ትንሽ ነካ ያደርጋቸዋል አልኳት።

አጭርና ሰፊ ሰው ነበሩ። እጃቸው ከቁመታቸው ጋር የማይሄድ ትልቅ ነው፤ መዳፋቸው እንደ ሰፌድ። ተወልደው ያደጉት በአቀስታ በኩል፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ደጋ ነው። ከዚያ ያመጡት ንብረት አንድ ባና ብቻ ነው ይባላል። ባና ያው በበግ ፀጉር የሚሠራው ወፍራም ልብስ ነው፤ የእሳቸው ግራጫ ነበር፣ ዕድሜ የበላው። ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ ሲያደርገው፣ ያንን ባና ደርበው ወደ ክፍል ይገባሉ። ለብርዱ አልነበረም።

እንዴት እንዳወቅሁ ልንገራችሁ። አንድ ቀን እኔ በጎረቤት ክፍል ሳስተምር ከእሳቸው ክፍል ጩኸት ተነሣ። ቤት የተደረመሰ ይመስላል። ተማሪዎቼ ከእኔ ግጥም ይልቅ ወደዚያ ግድግዳ ጆሯቸውን ስለጣሉ ተናድጄ ሄድኩ። በሩን ስከፍተው ጨለማ ነው፤ መስኮቶቹን በካርቶን ሸፍነዋቸዋል።

«ዝጊው፣ ዝጊው! ብርሃን ገባ!» አሉኝ።

ዘጋሁትና በሩ ሥር ቆምኩ። ጋሽ አበራ ከሥር የናይለን ሹራብ ለብሰዋል። ባናውን በአንድ ጊዜ በራሳቸው ላይ ስበው አወለቁት። ጨለማው ውስጥ እሳት ላይ እንደወደቀ ጨው ተንጣጣ፤ ሰማያዊ ብልጭታም ከትከሻቸው እስከ ጸጉራቸው ሮጠ። ተማሪው ጮኸ። ግማሹ «በስመ አብ!» ይላል፣ ግማሹ «ቢስሚላህ!» ይላል።

«ሁለቱም ጥሩ ነው» አሉ ጋሽ አበራ ከጨለማው ውስጥ። «አሁን ደግሞ ምክንያቱን እንፈልግ።»

ልወቅስ ሄጄ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ክፍተት ባገኘሁ ቁጥር እሄድ ነበር። ፊዚክስ በተማሪነቴ ያስለቀሰኝ ትምህርት ነው፤ የገባኝ በእሳቸው ነው።

«ዕቃ ሁሉ መደመርና መቀነስ አለው» ይሉ ነበር። «እኩል እስከሆኑ ድረስ ሰላም ነው፤ መኖራቸውንም አታውቁም። ሱፍን ከናይለን ስታፋትጉት ግን አንዱ ከሌላው ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የወሰደውም የተወሰደበትም ዕረፍት የላቸውም። ዓይነታቸው አንድ የሆነ ይገፋፋሉ፣ የተለያየ ይሳሳባሉ። እስኪገናኙ ነው ችግሩ። ተገናኝተው ብልጭ ካሉ…» ይሉና ሁለቱን ትልልቅ መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ከፍተው ባዶ መሆናቸውን ያሳዩ ነበር። «አለቀ። የቀረ የለም።»

ይህችን እጅ መክፈት ተማሪ ሁሉ ያውቃታል። ካፍቴሪያ ውስጥ ዳቦው ካለቀ አስተናጋጇ ሳትቀር መዳፏን ከፍታ «አለቀ፣ የቀረ የለም» ትል ነበር።

የኤሌክትሪክ መስክ ምን እንደሆነ ያስረዱት ደግሞ በውሻዬ ነው። ቡቺ የሚባል ክፉ ውሻ ነበረኝ፤ ግቢያችን ከጋሽ አበራ ጋር አጥር ይጋራል። «የመምህርት አስናቀች ውሻ ቻርጅ፣ ማለት የተጠራቀመ መደመር ነው እንበል» አሉ እኔው ተቀምጬ። «አልነከሳችሁም፣ አልነካችሁም። ግን በበሯ ስታልፉ እግራችሁ ይፈጥናል አይደል? ምንም ያልነካችሁ ነገር ያስሮጣችኋል። ያ የምትፈሩበት ቦታ ሁሉ መስኩ ነው። ርቀታችሁን እጥፍ ብታደርጉት ደግሞ ኃይሉ ግማሽ አይደለም የሚሆነው፣ ሩብ ነው። ስለዚህ ትንሽ መራቅ ብዙ ይጠቅማል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡቺን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ቻርጁ» ይለው ጀመር። ውሻውም ለምዶት ሲጠሩት ዞር ይል ነበር፣ አልዋሽም።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የሃይላንዱ ሰንሰለት ነው። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ጨው ያለበት ውሃ ይሞላሉ። ክዳኑን በሚስማር ይበሱትና ሚስማሩ ውሃው ውስጥ ይገባል። ከውጭ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ይለብጡታል። ከዚያ የውሃ ቧንቧ ፕላስቲክ በባናው እያፋተጉ ቻርጁን በሚስማሩ በኩል ያጠራቅማሉ። ተማሪዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ክፍሉን ይዞሩታል፤ የመጀመሪያው ሃይላንዱን ይይዛል፣ የመጨረሻው ሚስማሩን ይነካል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ዘለው ይጮኻሉ።

ተማሪው የተደባለቀ ነው፤ ሙስሊም አለ፣ ክርስቲያን አለ። የወንድ እጅ አልይዝም የምትል ሴት ልጅ አለች፣ የሴት እጅ አልይዝም የሚል ወንድም አለ። ጋሽ አበራ በዚህ ተቆጥተው አያውቁም። ሴቶቹን በአንድ ወገን፣ ወንዶቹን በሌላ ወገን ያሰልፉና መጋጠሚያው ላይ የብረት ማንኪያ ያደርጋሉ። እሱ በአንድ ጫፍ፣ እሷ በሌላ ጫፍ ማንኪያውን ይይዛሉ። «ኤሌክትሪክ በማንኪያም ያልፋል፤ ሃይማኖታችሁን ለፊዚክስ ብላችሁ አትለውጡም» ይላሉ። ከዚያ «ማን ላይ ባሰ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁሉም «እኔ ላይ!» ይላል። «አይደለም። ከተያያዛችሁ እኩል ነው የሚደርሳችሁ። አሁን ደግማችሁ ተያያዙና ሚስማሩን ንኩት።» ይነኩታል። ምንም የለም። መዳፋቸውን ይከፍታሉ። «አለቀ። የቀረ የለም።»

ይህ ሁሉ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። እስከዚያ ግንቦት ድረስ።

የአንዲት ባልደረባችን እናት ሞተውባት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ቀበሌ በእግር ሄደን ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ነው። ሌሎቹ ቀደሙን። ጋሽ አበራ ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር እኔ አብሬያቸው ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ነፋስ ተነሣ። ቁልቁለቱ ላይ፣ ከአንድ መንደር ዳር፣ ብቻውን የቆመ ትልቅ ጥድ አለ። ከሥሩ ሰዎች ተጠልለው ይታያሉ።

«ቶሎ ቶሎ እንበልና እዚያ እንጠለል» አልኳቸው።

«አይሆንም።»

«ጋሽ አበራ፣ ዝናቡ መጣ እኮ!»

«ዝናብ አይገልሽም። እሱ ዛፍ ግን እጁን ለደመናው ዘርግቶ ነው የቆመው። ነይ ወደዚህ።»

ዝቅ ያለ ማሳ ውስጥ አስገቡኝና እግሬን ገጥሜ ቁጢጥ እንድል አዘዙኝ። እሳቸውም ራቅ ብለው ቁጢጥ አሉ። ወደ ዛፉ እጃቸውን እያወዛወዙ «ውጡ! ከዚያ ሥር ውጡ!» እያሉ ጮኹ፤ ነፋሱ ድምፃቸውን መልሶ ወደ እኛ አመጣው። አዲስ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። እንቁላል እንደያዛት ዶሮ ተቀምጬ የፊዚክስን ዘር ማንዘር በልቤ ረገምኩ።

ከዚያ ዓለም ነጭ ሆነ። ድምፁ ደረቴን የመታኝ ይመስለኛል። ዓይኔን ስገልጥ ጥዱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ይጨሳል፤ ሰዎቹ በየአቅጣጫው ይሮጣሉ። አንዲት ሰው ግን አልተነሣችም።

ጋሽ አበራ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ረሱት። እኔም ተከትዬ ሮጥኩ። ስንደርስ ልጅቱን አወቅኋት፤ ሰዓዳ ናት፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን። ከተማ ቤት ተከራይታ ትማርና ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ወላጆቿ ትመለስ ነበር። ጀርባዋ ላይ ተዘርግታለች። ሰው ሁሉ ራቅ ብሎ ከቧታል። እናቷን ሁለት ሴቶች ወገቧን ይዘው አላስጠጋ ብለዋታል፤ እሷ ትጮኻለች። አባቷ እንድሪስና ሌሎች ሁለት ወንዶች አካፋና ዶማ ይዘው እያለከለኩ ይቆፍራሉ።

መቃብር የሚቆፍሩ መሰለኝ። አልነበረም። ልጅቱን ለማዳን ነው የሚቆፍሩት። በእኛ አገር መብረቅ የመታው ሰው ውስጥ መብረቁ ይቀራል ተብሎ ይታመናል። እስከ አንገቱ አፈር ውስጥ ቢያደርጉት መሬት መብረቁን ይመጠዋል፤ ከዚያ በፊት የነካው ሰው ግን አብሮት ይቃጠላል ይባላል። ልጁን እንደዚያ የሚወዳት እንድሪስ፣ ሳትሞት ሊደርስላት ነበር መሬቱን እንደዚያ የሚቧጥጠው።

«እንድሪስ፣ ቁፋሮው ይቅር» አሉ ጋሽ አበራ።

«እንዳይነኳት መምህር! ይይዝዎታል!»

ጋሽ አበራ ጭቃው ላይ ተንበርክከው መዳፋቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉ። ከቦ የቆመው ሰው «ኡ!» አለ። መዳፋቸውን አንሥተው ወደ ሰዉ ዘረጉ። «ይኸው። ወደ መሬት ወርዷል። አለቀ። የቀረ የለም።»

ጆሯቸውን አፏ ላይ አደረጉ፤ አትተነፍስም። ወደ እኔ ዞሩ። «አስናቀች፣ ነይ። ትንፋሹን አንቺ ነሽ የምትሰጫት። እኔ ደረቷን እጫንላታለሁ።»

ለምን እኔን እንደጠሩ ገብቶኛል። የሙስሊም ልጅ ናት፣ አባቷ ቆሟል፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ማንኪያውን አልረሱትም። እኔ ግን መራመድ አቃተኝ። ሃይላንዱን ስንት ጊዜ አይቻለሁ፣ የቀረ የለም ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ጉልበቴ ግን ያመነው ከበው የቆሙትን ሰዎች ነው። ጋሽ አበራ አልጮኹብኝም። ቀኝ እጃቸውን የልጅቱ ግንባር ላይ እንዳሳረፉ ግራ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«እኔ እሷን ይዣለሁ፤ አንቺ እኔን ያዢኝ። ካለ ለሁላችንም እኩል ነው የሚደርሰን።»

ያዝኳቸው። እጃቸው ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር።

«ምን ተሰማሽ?»

«ምንም።»

«አብሽሪ፣ እታለም። በይ።»

ተንበረከክሁ። አፍንጫዋን እንዴት እንደምይዝ፣ አገጯን እንዴት እንደማቀና ነገሩኝ፤ ድሮ ደሴ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ወስደው ነበር። እኔ እነፋለሁ፣ እሳቸው በእነዚያ ሰፋፊ መዳፎች ደረቷን ይጫናሉ። ዝናቡ በጀርባችን ላይ ይወርዳል። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። ማልቀስ አማረኝ፤ የሚያለቅስ ሰው መንፋት አይችልምና ተውኩት። ከዚያ ሰዓዳ እንደሚያንቀው ሰው አንድ ጊዜ አየር ሳበች። ደግማ ሳለች። እናቷ «ያረቢ!» ብላ ሴቶቹን ጥላ መጥታ ወደቀችባት። የእንድሪስ አካፋ ከእጁ ወደቀ።

በቃሬዛ ከተማ አደረስናት። የግራ ጆሮዋ ከዚያ በኋላ በደንብ አይሰማም፤ ሌላው ደህና ነው። አሁን ደሴ ትማራለች።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ጋሽ አበራ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ።

«ታናሽ ወንድም ነበረኝ። ከእኛ ቤት በላይ ካለው ተረተር ላይ መብረቅ መታው። ልሮጥ ስል አጎቴ ክንዴን ያዘኝ። ‹አንተም ትቀራለህ› አለኝ። ለክፋት አይደለም፤ ሁለተኛ እንዳይሞትበት ነው። ዝናብ ላይ ተኝቶ እኛ ከበነው ቆምን። እጁ ትንሽ ትንቀሳቀስ ነበር። ጉድጓዱ ተቆፍሮ እስኪያልቅ እሷም ቆመች።» ቆይተው ደግሞ «መዳን አለመዳኑን አላውቅም። ግን አንድ ሰው እጁን ሊይዘው ይገባ ነበር» አሉ።

ክንዳቸውን ይዤ ሄድኩ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ነው ጋሽ አበራን እስከ መጨረሻው የበላቸው። ወሬው ከመንደሩ ተነሥቶ ከተማ ሳይደርስ ተገለበጠ። «ፊዚክሱ መብረቁን በእጃቸው ሳቡት» ተባለ። መዳፋቸውን ሲከፍቱ ጢስ ወጣ ያለም አልጠፋም። ራስ ምታት ያለበት፣ እግሩ የሰለለ፣ ወተቷ የነጠፈ ላም ያለችው ሁሉ በራቸው ላይ መሰለፍ ጀመረ፤ «ይዳስሱልኝ» እያለ። ከሌላ ወረዳ ሳይቀር በሚኒባስ ተሳፍረው የመጡ ነበሩ።

«እኔ ምንም አልሳብኩም!» ይላሉ። «የሚሳብ አልነበረም! እሱን እኮ ነው የምላችሁ። ማንም ሊነካት ይችል ነበር።»

«ትሑት ናቸው» ይላል ሰው።

እኔ መጀመሪያ ይህ ያስቀኝ ነበር። ሻይ ስቀዳላቸው «ጣትዎን ብርጭቆው ላይ አያሳርፉ፣ ይፈላል» እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። እሳቸው አይስቁም። እንድሪስ በየዓመቱ ማር ይዞ ይመጣና እጃቸውን ሊስም ጎንበስ ይላል፤ ጋሽ አበራ እጃቸውን ከኋላቸው ይደብቃሉ። «እንድሪስ፣ ማሩን አመሰግናለሁ። እጄን ግን አትሳም። አንተ ራስህ ብትነካት ኖሮ ምንም አትሆንም ነበር።» እንድሪስ ራሱን ይነቀንቃል፣ ለአክብሮት። አላመናቸውም። እንዴት ይመን? ቢያምን እኮ ልጁ ተዘርግታ፣ ሊነካት እየቻለ፣ ቆሞ መቆፈሩን ማመን አለበት።

በየቀበሌው ስብሰባ ሄዱ። ከቄሱም ከሼሁም ጋር ተቀምጠው አስረዱ፤ ሁለቱም ለምእመናቸው ነገሩላቸው። ሕዝቡ ሰምቶ ሲያበቃ «እርስዎ ስጦታው ስላለዎት ነው» ይላል። ባናውን ተሸክመው ዞሩ፣ ሃይላንዱን ተሸክመው ዞሩ። ብልጭታውን ያየ ሰው ጭራሽ ስጦታቸውን አመነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ደሴ ለሕክምና ሊሄዱ ሲሉ ልሰናበታቸው ቤታቸው ገባሁ። ከስተዋል፤ እጃቸው ብቻ እንደ ድሮው ትልቅ ነው። «አስናቀች፣ እኔ ስሞት ምን እንደሚሆን አስበሽዋል?» አሉኝ። «አንድ ሰው ይመታል። ፊዚክሱ የሉም፣ ማን ያወጣለት ይላሉ። ከዚያ መቆፈር ይጀምራሉ። አንዲት ልጅ አድነን አገር ሙሉ አሳሳትን።»

«ይተዉ ጋሽ አበራ፣ ድነው ይመለሳሉ» አልኳቸው። ያ የመጨረሻችን ነው።

ቀብራቸው ላይ ከተማው ወጣ። ሙስሊሙ አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተራ በተራ ተሸከመ፣ ቀብሩ እስኪያልቅም ውጭ ቆሞ ጠበቀ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አንዲት የማላውቃት እናት አጠገቤ መጥታ ቀኝ እጄን ሳመችው። ደነገጥኩ። «ያን ቀን ይዘሻቸው አልነበር?» አለችኝ። «በእጅሽ ተላልፏል ይባላል።» ከዚያ በኋላ በገበያ ሳልፍ እጄን የሚያዩ፣ ሕፃን የሚያስጠጉ ሰዎች መጡ። ያኔ ነው የጋሽ አበራ ብስጭት ከአጥንቴ የገባው። መዳፌን እየከፈትኩ «የለም፣ ምንም የለም!» እላለሁ። «ትሑት ናት» ይላሉ።

መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት እንድሪስ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ማር አልያዘም። ዓይኑ የቀላ፣ ያልተኛ ሰው ነው።

«ምነው እንድሪስ? ሰዓዳ ደህና ናት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት። ጎረቤቴ ነው። ከትናንት ወዲያ ሲያርስ ዋለና ወደ ማታ መብረቅ ጣለው።»

«እሺ?»

«ሰዉ ተሰበሰበ። ፊዚክሱ ሞተዋል፣ ማን ያወጣለታል ይባባላል። ‹መምህርቷ አለች፣ ሰው እንላክ› አለ አንዱ። እርስዎ ጋ እስኪደረስ ደግሞ ይመሻል። አካፋ ይዘው መጡ። ለእኔም ሰጡኝ።» አለና ቀጠለ። «ሚስቱን ሴቶች ይዘዋታል። አየኋት። ይህን ጩኸት የት ነው የማውቀው አልኩ፤ የሰዓዳ እናት ጩኸት ነው። ከዚያ ሄጄ ነካሁት።»

«ነካኸው?»

እንድሪስ የተሰነጣጠቁ መዳፎቹን ወደ ላይ ከፍቶ አሳየኝ፣ ልክ እንደ እሳቸው። «ምንም የለም መምህርት። ወላሂ ምንም የለም። ያኔም አልነበረም ማለት ነው።» እንባው ወረደ። «እኔ አባቷ ሆኜ ቆሜ ስቆፍር ነበር።»

«አንተ አላወቅህም» አልኩት።

«ነግረውኝ ነበር። በየዓመቱ ነግረውኝ ነበር።»

ተማሪዎች በአጠገባችን እየሮጡ ገቡ፤ ደወሉ ተደወለ።

«ዳነ?» ብዬ ጠየቅሁት በመጨረሻ።

«አልዳነም። ያኔ እንዳየሁት ደረቱን ተጫንኩ፣ የሰውየው ልጅ አፉ ላይ ነፋለት። ትንሽ የመለሰ መሰለንና ሄደ። እኔን ሲያዩ ግን ሁሉም መጡ። ሚስቱ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ወንድሞቹ እጁን ያዙት። ሰው እጅ ላይ ነው የሞተው።»

ደስ ይበለኝ ይዘነኝ አላወቅሁም። ያ ዝናብ ላይ ብቻውን የተኛው ልጅ ትዝ አለኝ፣ እጁ ትንሽ ትንቀሳቀስ የነበረችው። ሄጄ ለጋሽ አበራ ብነግራቸው ብዬ አሰብኩ፣ በአጥሩ በኩል ጠርቻቸው።

እንድሪስ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «ይህን እንዲያውቁልኝ ነው በሌሊት የተነሣሁት» አለኝ። «ጉድጓድ አልተቆፈረም። አካፋ ያነሣነው ለቀብሩ ብቻ ነው።»